«ኤቲስት» በአማርኛ ማን ይባል? ከሃዲ፣ ኢ-አማኒ ወይስ ሌላ?

ተርጓሚዋ፦

ጤና ይስጥልኝ። ቃል የምትወዱ ሰዎች እርዱኝ።

አንድ የፍልስፍና መግቢያ መጽሐፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ስለ ሃይማኖት የሚያወራው ምዕራፍ ላይ ከአርታኢው ጋር ተፋጥጠናል። እኔ «ኤቲስት» (በአምላክ መኖር የማያምን ሰው) ብዬ የተውኩትን ሁሉ በቀይ ሰርዞ «ከሃዲ» አድርጎታል። «አማርኛው እያለ ባዕድ ቃል ምን ይሠራል?» ነው የሚለኝ። ሰውዬው ሥራውን የሚያውቅ ነው። ስለዚህ «ደስ አላለኝም» ብዬ ላልፈው አልችልም።

ግን «ከሃዲ» ስል ዓይኔ ላይ የሚመጣው ሌላ ሰው ነው። ብድር ወስዶ «መቼ ሰጠኸኝ?» የሚል ዓይነት። መጽሐፉ ውስጥ ያለው ሰውዬ ደግሞ እምነት በሌለበት ቤት ያደገ፣ ረጋ ብሎ «ማስረጃው አላሳመነኝም» የሚል ሰው ነው። ምኑን ካደ?

ሌሎችም አሉብኝ። «ሄሬቲክ»ን መናፍቅ ብዬዋለሁ፤ እሱ ላይ ተስማምተናል። «አግኖስቲክ» (አምላክ መኖር አለመኖሩ አይታወቅም የሚል) ግን ቃል በቃል ስፈታው «አላዋቂ» ሆኖ ቁጭ አለ። ቃሉን የፈጠረውን ትልቅ ሳይንቲስት አላዋቂ ብዬ ላሳትም? «ሴኩላር» (ከሃይማኖት ውጭ የሆነ) ደግሞ ዓለማዊ ሲባል ዘፈንና ጭፈራ ይመስላል።

ከሥሩ ጀምሮ የሚያስረዳኝ ካለ ደስ ይለኛል። «እንዲህ በይው» ብቻ ከሆነ አርታኢው አይረታም።


የግዕዝ ሽማግሌ፦

ልጄ፣ ጆሮሽ ልክ ነው። አርታኢሽን ለመርታት ግን ጆሮ አይበቃምና ከግሡ እንነሣ።

«ካደ» ከግዕዙ «ክሕደ» የመጣ ነው። ጴጥሮስ ጌታውን ሲክድ ምን አለ? «ሰውየውን አላውቀውም።» ያውቀዋል እኮ! አብሮት በልቷል፣ አብሮት ዞሯል። ክህደት ያሰኘው እሱ ነው፤ የሚያውቁትን አላውቅም ማለት። እንግዲህ መጀመሪያውኑ ያልተዋወቀ ሰው እንዴት ይክዳል? አርታኢሽን ይህን ጠይቂልኝ።

በዚያ ላይ «ከዳ» የሚባል ሌላ ግሥ አለ። ወታደር ሲኮበልል፣ ወዳጅ ወዳጁን ጥሎ ሲሄድ የምንለው። ሁለቱ ግሦች የተለያዩ ናቸው፤ በአፍ ግን ተጠጋግተዋል። «ከሃዲ» ያልሽው ሰው በአንባቢው ጆሮ የ«ከዳተኛ»ንም ዕዳ ይሸከማል። ይህ ለፍልስፍና መጽሐፍ አይሆንም። ለስብከት ይሆን ይሆናል።

አሁን ወደ ተቃራኒው ነይ። የ«ካደ» ተቃራኒ «አመነ» ነው። ሰው ጥፋቱን አመነ እንላለን። ሰው ወዳጁን አመነ እንላለን። ሰው በፈጣሪው አመነ እንላለን። ሦስቱም አንድ ግሥ ነው። «ሰው ማመን ቀብሮ ነው» የሚለው ተረት ስለ ሰው መኖርና አለመኖር አይደለም የሚያወራው። ሰውዬውማ አለ! የሚያስተማምን መሆኑ ነው ያጠራጠረው። እምነት በቋንቋችን «አለ ብሎ ማሰብ» ሳይሆን «ተደግፎ መቆም» ነው። ታማኝ፣ ምእመን፣ አሜን፣ ሁሉም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ዕብራይስጡም «ኤሙና» ሲል ጽናትና ታማኝነት ማለቱ ነው።

«ሃይማኖት» ራሱ እዚያው ቤት ይገባል፤ ብቻ በውጭ በር ነው የገባው። ከአራማይክ ቋንቋ «ሃይማኑታ» ነው የመጣው። መልኩን ካየሽው የግዕዝ አይመስልም፤ ከ«አምነ» በቀጥታ ቢወለድ ይህን «ሃይ» ከየት ያመጣዋል? «ጣዖት»፣ «ኦሪት»፣ «ምጽዋት» አብረውት የመጡ ናቸው። «ጣዖት» በአራማይክ ሥሩ መሳሳት፣ መሳት ነው። የቀድሞ ሊቃውንት እነዚህን ቃላት ሶርያውያን መነኮሳት ይዘዋቸው መጡ ይሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 ፖሎትስኪ የተባለው የሴም ቋንቋዎች ሊቅ ግን መልካቸው የሚመስለው የአይሁድን አራማይክ ነው ብሎ ተከራከረ። እኔም ወደዚያ አደላለሁ።

ከአራማይክ ሳልወጣ አንድ ልጨምር። ሶርያውያን ክርስቲያኖች አረማዊውን ዘመዳቸውን «አራማዊ» ይሉት ነበር፤ የጎሣቸው ስም እኮ ነው። ራሳቸውን ግን «ሱርያዊ» ማለት ጀመሩ። የድሮ ስማቸውን ላላመነው ተዉለት። ከዚያ ግዕዝ ገባና «አረሚ»፣ «አረማዊ» ሆነ። አማርኛ ተቀብሎ «አረመኔ» አደረገው። አሁን አረመኔ ስንል ጨካኝ ማለታችን ነው። ከጎሣ ስም ወደ ሃይማኖት፣ ከሃይማኖት ወደ ጠባይ። ስድብ እንዲህ ነው የሚሠራው።

መናፍቅን በደንብ ነው ያስቀመጥሽው። ሥሩ መክፈል፣ ለሁለት መግመስ ነው። «መንፈቅ ዓመት» የምንለው ከዚያው ነው። መናፍቅ ልቡ የተከፈለ፣ ግማሽ ሰው ነው። ግሪኩ «ሃይሬሲስ» ግን ምርጫ ማለት ነበር፤ ስድብም አልነበረም። በሐዋርያት ሥራ የሰዱቃውያን ወገን ሲባል ግሪኩ ይህንኑ ቃል ይጠቀማል። ስለዚህ ግሪኩ «መረጠ» ሲል ግዕዝ «ተከፈለ» ይላል። መጽሐፍሽ ስለ ቃሉ አመጣጥ የሚያወራ ከሆነ የግርጌ ማስታወሻ ጨምሪበት።


የዐረብኛው ልጅ፦

የኔታ፣ መናፍቅ ላይ እኔም አለኝ። ዐረብኛው «ሙናፊቅ» ይላል። ትርጉሙ ግን መናፍቅ አይደለም። በአፉ «አምኛለሁ» እያለ በልቡ ያላመነ፣ አስመሳይ ነው። የድሮዎቹ የዐረብኛ መዝገበ ቃላት ሰዎች ቃሉን ከአንዲት የምትዘል የበረሃ አይጥ ጉድጓድ ጋር ያያይዙታል። ጉድጓዷ ሁለት በር አለው። በአንዱ ሲያባርሯት በሌላው ትወጣለች። ቆንጆ ማብራሪያ ነው።

ኖልደኬ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ ግን ቃሉ ከግዕዝ ወደ ዐረብኛ የተሻገረ ነው ብሏል። «ሐዋሪዩን» የሚለውንም እንዲሁ። ሐዋርያ ከ«ሖረ»፣ ከሄደ ነው አይደል የሚመጣው? መንገደኛ፣ መልእክተኛ።

ተርጓሚዋ፣ አንቺ ስለ ከሃዲ ስለጠየቅሽ «ካፊር»ንም እዪው። ሥሩ መሸፈን ነው። ቁርኣን ውስጥ ሱረቱል ሐዲድ 20ኛው አንቀጽ ላይ «ኩፋር» (የካፊር ብዙ ቁጥር) የሚለውን ብዙ ሙፈሲሮች፣ የቁርኣን ተርጓሚ ሊቃውንት፣ ገበሬዎች ብለው ነው የሚፈቱት። ለምን? ገበሬ ዘሩን አፈር ያለብሰዋል። ካፊር ደግሞ የተሰጠውን ጸጋ ሸፍኖ የሚክድ ነው። ስለዚህ ይሄም «ማስረጃ አላገኘሁም» የሚል ሰው አይደለም። እውነቱ በእጁ ያለ፣ ግን የሚደብቅ ሰው ነው። በዐረብኛ ለኤቲስት «ሙልሒድ» ነው የሚባለው፤ እሱም ሥሩ ከቀናው መስመር ዘንበል ማለት ነው። አየሽ፣ ሁሉም ቋንቋ ከአማኙ በኩል ቆሞ ነው ስም የሚያወጣው።

ሳልረሳው። «ዲን» የምንለው ሃይማኖት፣ በሴም ቋንቋዎች ፍርድም ነው። «የውሙ ዲን» የፍርድ ቀን ነው። ግዕዝስ «ዕለተ ደይን» ይል የለም? ዳኛ የሚለውም ቃል ዘመዱ ነው።


የግዕዝ ሽማግሌ፦

ልጅ፣ ተባረክ። የአይጧን ጉድጓድ ዛሬ ነው የሰማሁት። ኖልደኬ ይሻለኛል፤ ግን አይጧ ትጣፍጣለች።


ጠበቃው፦

ሥራ ላይ ነኝ፣ ባጭሩ ልበል። የኔታ አመነና ካደን ሲያነሡ ሳቄ መጣ። እኛ ዘንድ እኮ የዕለት እንጀራ ነው። ተከሳሽ ቀርቦ ክሱ ይነበብለታል፣ ከዚያ ያምናል ወይ ይክዳል። ክዶ ይከራከራል።

የተርጓሚዋ ሰውዬ ግን በክስ ቋንቋም ከሃዲ አይደለም። «ማስረጃው አይበቃም» የሚል ሰው ነው። የማስረዳት ሸክሙ ያለው ደግሞ «አለ» ባዩ ላይ ነው።

ሐሳብ ልስጥ? እኛ «ይግባኝ ባይ» እንላለን። ጥሩ አማርኛ ነው፤ ስድብም ሙገሳም የለበትም። የሚለውን ብቻ ነው የሚናገርለት። ለምን «የለም ባይ» አትዪውም? ቴይስቱ «አለ ባይ»፣ አግኖስቲኩ «አይታወቅም ባይ»። አለቀ።


ዝምተኛው አንባቢ፦

እኔ ራሴ ከምታወሩላቸው ሰዎች አንዱ ነኝ። ብዙ ጊዜ አንብቤ እወጣለሁ፤ ዛሬ ግን ነገሩ ራሴ ነኝና ልጻፍ።

ከሃዲ ሲሉኝ አይገባኝም ብዬ ነው የማልፈው። ኢ-አማኒን ለምጄዋለሁ፤ ራሴንም እንዲያ እላለሁ። ግን ለመጽሐፉ ሰፊ ነው። ጣዖት የሚያመልከውንም፣ የሌላ ሃይማኖት ተከታዩንም ኢ-አማኒ የሚሉ አሉ። ያ ሰውዬ ከእኔ ጋር ምን ያገናኘዋል? እሱ እንዲያውም ከብዙ ሰው በላይ ያምናል።

ኤቲስት የሚለው ቃልም ቢሆን ንጹሕ ልጅ አይደለም። ግሪኩ «አቴኦስ»፣ አምላክ አልባ ነው። በመጀመሪያ ሰው ራሱን የሚጠራበት ሳይሆን ሌላውን የሚወነጅልበት ነበር። ሮማውያን ክርስቲያኖችን «አቴኦይ» ይሏቸው እንደነበር ታውቃላችሁ? የከተማውን አማልክት ስለማያመልኩ ነው። በሁለተኛው መቶ ዘመን የሰምርኔሱን ጳጳስ ፖሊካርፕን ለፍርድ ሲያቀርቡት አገረ ገዢው «ኤቲስቶቹ ይወገዱ በል» አለው። ክርስቲያኖቹን ማለቱ ነው። ሽማግሌው በስታዲየሙ ወደተሰበሰበው አረማዊ ሕዝብ ዞረ። እጁን አነሣባቸውና ወደ ሰማይ እያየ «ኤቲስቶቹ ይወገዱ» አለ። ይህን ታሪክ ሳነብ ከሁሉም ወገን ለእሱ ነው ያደላሁት።

አግኖስቲክ የተለየ ነው። ልደቱ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1869 ቶማስ ሄንሪ ሀክስሊ ፈጠረው። ጓደኞቹ ሁሉ የየራሳቸው «ኢስት» ነበራቸው፤ እሱ ስም አልነበረውም። በቤተ ክርስቲያን ታሪክ ግኖስቲኮች የሚባሉ አሉ፣ ምሥጢሩን እናውቃለን የሚሉ። ሀክስሊ እነሱን ገልብጦ ነው ስሙን ያወጣው። ስለዚህ «አላዋቂ» አይደለም። «አውቃለሁ ከሚሉት አይደለሁም» ማለቱ ነው። ትንሽ ሽሙጥም አለበት።

ጠበቃው ላቀረብከው «የለም ባይ» አንድ ቅሬታ አለኝ። ብዙዎቻችን «የለም» አንልም። «አላመንኩም» ነው የምንለው። አንተ ራስህ እኮ «ማስረጃው አይበቃም የሚል» ብለህ ጀምረህ «የለም ባይ» ላይ ጨረስክ።


ጠበቃው፦

ይዘኸኛል። በነፃ መሰናበት እና ንጹሕ መሆን አንድ አይደሉም፣ ልክ ነህ። ግን አማርኛው ይህን ልዩነት በአንድ ቃል እንዲሸከም አትጠብቅ። መጽሐፉ በዓረፍተ ነገር ያብራራው።


ተርጓሚዋ፦

አቤት፣ ይህን ሁሉ አልጠበቅኩም! የኔታ፣ የጴጥሮስን ነገር ለአርታኢው ቀድቼ ላክሁለት። መልስ አልሰጠኝም፤ ጥሩ ምልክት ነው።

«ባይ» በጣም ጣመኝ። ዝምተኛው ያልከውንም ወስጃለሁ። መጽሐፉ ራሱ ኤቲስቶችን ለሁለት ይከፍላቸዋል፤ «የለም» ብለው የሚከራከሩትን እና «አላሳመናችሁኝም» የሚሉትን። ለፊተኛው የለም ባይ፣ ለኋለኛው «ያላመነ» ብዬ ልሞክር።

ሁለት ነገር ቀርቶኛል። አንደኛ ሴኩላር። ሁለተኛ ቴይስት እና ዲኢስት። አንዱ ግሪክ አንዱ ላቲን ሆኖ የቃሉ ሥር አንድ ነው ብዬ ማስታወሻ ልጽፍ ነበር፤ ቴኦስ፣ ዴኡስ።


የግዕዝ ሽማግሌ፦

ማስታወሻውን አትጻፊ። ይመሳሰላሉ እንጂ ዘመድ አይደሉም። የላቲኑ «ዴኡስ» ዘመዱ የግሪኩ «ዜኡስ» ነው፣ ከብሩህ ሰማይ ሥር የወጣ። «ቴኦስ» ሌላ ሥር አለው። ስንቱ ተሳስቶበታል መሰለሽ።

በትርጉም ግን ለያቸው። ዲኢስት የሚሉት ፈጣሪ አለ፣ ዓለምን ሠርቷል፣ ከዚያ በኋላ ግን እጁን አያስገባም የሚለውን ነው። ለእሱ «ባይ» አይበቃም። ዲኢስት ብለሽ ተዪውና አንድ ዓረፍተ ነገር ስጪው። ሁሉን ቃል ወደ አማርኛ ካልመለስኩ ማለትም በሽታ ነው፤ «ኦርቶዶክስ»ን ማን መለሰው? ግዕዝ «ርትዕት ሃይማኖት» ብሎ ቀናዪቱ እምነት የሚል ፍቺ ሰጥቶታል። ስሙ ግን እስከ ዛሬ ግሪክ ነው፤ ማንም ባዕድ ነው አላለውም።

ሴኩላር ላይ ግን አርታኢሽን አግዛለሁ። ዓለማዊ በይው። እንዴት መሰለሽ? ላቲኑ «ሴኩሉም» ዘመን፣ ትውልድ ማለት ነው። የላቲን ጸሎት ሲያበቃ «ኢን ሴኩላ ሴኩሎሩም» ይላል። እኛ በዚያ ቦታ «ለዓለመ ዓለም» እንላለን። አየሽው? የእኛም «ዓለም» እንደዚያው ነው። በዕብራይስጥ «ዖላም» ረጅም ዘመን ነው፤ በዐረብኛ ዓለም ይቺ የምናያት ናት፤ በግዕዝ ሁለቱንም ነው። «ዘላለም» ውስጥ ያለው ዓለም ዘመን ነው፤ «ዓለም አየሁ» ሲባል ሌላ ነው። ላቲኑም ከዘመን ወደዚህች ዓለም ተንሸራተተ። ገዳም ያልገባውን፣ ከሕዝብ መካከል የሚኖረውን ካህን ሴኩላር ይሉት ነበር። ካህን ነው እንግዲህ! ሃይማኖት ጠል አይደለም። ስለዚህ ሁለቱ ቃላት በአንድ መንገድ ነው የሄዱት። ዘፈንና ጭፈራው የአማርኛው የኋላ ጠባይ ነው፤ አንባቢው ከሁለት ገጽ በኋላ ይረሳዋል።


የዐረብኛው ልጅ፦

የኔታ፣ አንድ ጥያቄ። «አምላክ» በግዕዝ ብዙ ቁጥር ነው የሚሉት እውነት ነው?


የግዕዝ ሽማግሌ፦

አሠራሩ አዎን። «መለከ» ገዛ፣ ያዘ ነው። «አምላክ» እንደ «አልባስ»፣ እንደ «አዕማድ» የብዙ ቁጥር መልክ አለው። አገልግሎቱ ግን ነጠላ ነው፤ ስለዚህ ለብዙ ሲሆን «አማልክት» ብለው ሌላ ብዙ ቁጥር አበጁለት። ዕብራይስጡም «ኤሎሂም» ሲል መልኩ ብዙ ነው፣ ግሡ ነጠላ ይመጣለታል። ይህን ይዘህ ክርክር እንዳትከፍት ብቻ፤ ሰዋስው ነው፣ ዶግማ አይደለም።


ተርጓሚዋ፦

አርታኢው መለሰ። «ከሃዲን ተውኩት፤ ጴጥሮስን ባትጠሪብኝ ጥሩ ነበር» ይላል። ዓለማዊ ጸደቀ። አይታወቅም ባይም ጸደቀ፤ መጀመሪያ ሲመጣ «አግኖስቲክ» ከጎኑ ይጻፍ ብሏል። የለም ባይ ላይ ግን ቅር ብሎታል። መዝሙረ ዳዊት ላይ «ሰነፍ በልቡ አምላክ የለም ይላል» የሚለውን ያስታውሳል፣ ስድብ ይመስላል ነው የሚለው።


ዝምተኛው አንባቢ፦

ከስድቡ ውስጥ የኔ ድርሻ «አምላክ የለም ይላል» የሚለው ነው። ሰነፍ የሚለውን እስካልጨመራችሁበት ድረስ ተስማምቻለሁ።


የግዕዝ ሽማግሌ፦

ሰነፍ እዚያ ላይ ሥራ ጠል ማለት አይደለም፤ ማስተዋል የጎደለው ማለት ነው። ዕብራይስጡ «ናባል» ነው፣ በጠባይ የወረደ። የዛሬው አማርኛ ነው ሥራ ፈት ያደረገው። ለአርታኢሽ ይህን አትንገሪው፣ አዲስ ክርክር ይከፍታል።


ተርጓሚዋ፦

አልነግረውም። የመጨረሻ ጥያቄ፦ አስተሳሰቡን፣ ኤቲዝምን፣ «የለም ባይነት» ብል ይሄዳል?


ጠበቃው፦

ይግባኝ ባይነት እንላለን፣ ለምን አይሄድም?


የግዕዝ ሽማግሌ፦

ይሄዳል። ሰረዝ ግን አታስገቢበት።